ጊዜያዊ ፈቃድ ይዛችሁ ዋርድ ስትገቡ

ልጆቼ፣ ጡረታ ከወጣሁም በኋላ ድሬ ላይ ወረርሽኝ በተነሳ ቁጥር አንድ ጥያቄ ይዛችሁ ትመጣላችሁ። «ሲስተር፣ ተመርቄያለሁ፤ የሙያ ፈቃዴ ግን ገና አልወጣም። ቢጠሩኝ ልግባ?» ግቡ። ከተማው ሲታመም ቤት የሚቀመጥ ባለሙያ እንድትሆኑ አልፈልግም። ግን ምን ይዛችሁ እንደምትገቡ እወቁ።

ጥሪው መምጣቱ አይቀርም። በ2006 ዓ.ም. ደንጊ የሚባለው በትንኝ የሚተላለፍ የትኩሳት በሽታ እዚሁ ድሬዳዋ ገባ፤ በላቦራቶሪ ሲረጋገጥ ለአገሪቱ የመጀመሪያው ነበር። በ2011 ክረምት የተነሳው ቺኩንጉንያ፣ እሱም በትንኝ የሚተላለፍ በሽታ፣ ከ40,000 በላይ ሰው አልጋ ላይ ጣለ። በ2014 ደግሞ ወባ በበጋ ተነሳ፤ አኖፌለስ ስቴፈንሲ የምትባለው ከተማ የለመደች ትንኝ ናት ያመጣችው። ውሃ ይቆራረጣል፣ ቤቱ ሁሉ በርሜል ይሞላል፣ ትንኟም እዚያው ትራባለች። ይሄ እስካልተለወጠ ድረስ የሆስፒታሉ የበሽተኛ ክፍል፣ ዋርዱ፣ ደጋግሞ ይሞላል። ሐኪሙም ነርሱም አብረው ይታመማሉ፣ ፈረቃ የሚሸፍን ይጠፋል።

ጊዜያዊ ፈቃድ፣ ማለትም ዋናው የሙያ ፈቃድ ሳይወጣ ለወረርሽኙ ጊዜ ብቻ እንድትሠሩ የሚሰጣችሁ ፈቃድ፣ የሚመጣው ያኔ ነው። በኮቪድ ጊዜ ጣሊያን የሕክምና ምሩቃንን ከመንግሥት ፈተና ነፃ አድርጋ ወደ ሥራ አስገብታለች። ብሪታንያ ሥራ የለቀቁ ሐኪሞችን ማመልከቻ እንኳን ሳትጠይቅ በሺዎች መልሳ መዝግባለች። እኛም ጋ በ2012 ጡረተኞችና ገና በትምህርት ላይ ያሉ የጤና ተማሪዎች ለጥሪ እንዲዘጋጁ ተጠይቀው ነበር። ልብ በሉ፣ ጣሊያን ያነሳችው ፈተናውን ነው። የተግባር ልምምዱን ያላለፈ ሰው ያኔም አልገባም። እኔ ይሄን ልክ ነው እላለሁ። ወረቀቱ ሊፈጥን ይችላል፣ እጅ ግን በአዋጅ አይሰለጥንም።

ለምን እንደምጨነቅ በደንጊ ላሳያችሁ። ልጁ ሦስት ቀን በትኩሳት ነዶ በአራተኛው ቀን ይበርድለታል። እናቱ «ተመስገን፣ ዳነልኝ» ትላለች። አልጋ ደግሞ ጠፍቷል፣ ኮሪደሩ ላይ ሰው ተኝቷል። አዲስ ገቢ ባለሙያ ቴርሞሜትሩን አይቶ ወደ ቤት ሊልከው ይችላል። የደንጊ አደገኛው ሰዓት ግን ብዙ ጊዜ ትኩሳቱ ሲወርድ ነው የሚጀምረው። ሆዱን ያመዋል? ደጋግሞ ያስመልሳል? ድዱ ይደማል? እጅ እግሩ ቀዝቅዟል? ይሄን ሳትጠይቁ አትሸኙት። ለሕመሙም እጃችሁ እንደለመደው ዳይክሎፌናክ የሚባለውን ማስታገሻ አትውጉት፤ ደም መፍሰሱን ያባብስበታል። ፓራሲታሞል ይበቃዋል።

ስለዚህ ስትጠሩ ደብዳቤ ጠይቁ። በቃል «ና ግባ» ብሎ ነገር የለም። የትኛው ክፍል ነው የምትሠሩት? ምን ትሠራላችሁ፣ ምንስ አትሠሩም? ሌሊት ስምንት ሰዓት ላይ ግራ ሲገባችሁ የምትጠሩት ሲኒየር ማን ነው? ፈቃዱ መቼ ያበቃል? አበሉስ፣ ብትታመሙስ? ይሄ ሁሉ ማህተም ባለበት ወረቀት ላይ ይስፈር። መጠየቅ ነውር አይደለም። ነገር ቢበላሽ «ማን ፈቀደልህ?» የምትባሉት እናንተ ናችሁ።

ገብታችሁም ከደብዳቤው አትውጡ። ድንገት የማታውቁትን ሥራ ሲሰጧችሁ «ይሄ ከእኔ በላይ ነው፣ ሲኒየር ይጠራልኝ» በሉ። የደከመው ሲኒየር ይቆጣ ይሆናል። ይቆጣ። በሽተኛው ከሱ ቁጣ ይበልጣል።

አንድ የሚከብድ ነገር አለ። ሥራ ፍለጋ ከሳቢያን ከዚራ፣ ከከዚራ ቀፊራ ስትመላለሱ አያችኋለሁ። ወረርሽኙ ሲያልፍ ፈቃዱም ያልፋል፤ ቅጥር አይደለም። «ምስጋና ይድረሳችሁ» ተብላችሁ በማግስቱ ቤት ስትውሉ ያማል፣ አውቃለሁ። የሠራችሁበትን ጊዜ የሚገልጽ የሥራ ልምድ ደብዳቤ ግን መብታችሁ ነው። ሳትይዙ አትውጡ። ለጥሪው የሚቸኩል ቢሮ ሁሉ ለዚህኛውም ይቸኩል ዘንድ እለምናለሁ። የፈቃዱ ቀን ካለፈ በኋላ ደግሞ በዚያ ጊዜያዊ ፈቃድ ሰፈር ውስጥ መርፌ እንዳትወጉ፤ ጎረቤት ቢለምናችሁም እንኳ።

ሳይቃጠል በቅጠል ነውና ዲግሪያችሁን፣ ትራንስክሪፕታችሁን፣ የልምምድ ደብዳቤያችሁን አሁኑኑ አንድ ፎልደር ውስጥ አድርጉ። የሄፓታይተስ ቢ ክትባት ያልወሰዳችሁም ጀምሩ። ሦስት ዶዝ ነው፣ በተለመደው አሰጣጥ ስድስት ወር ይፈጃል። ወረርሽኝ ስድስት ወር አይጠብቃችሁም።