ስቴት ልቀይር ወይስ ልቅር? የአንባቢዎች ጥያቄና መልስ

ሰሞኑን የሚደርሱኝ ጥያቄዎች አብዛኞቹ አሜሪካ ውስጥ ከስቴት ወደ ስቴት ስለመዛወር ናቸው። አምስቱን መርጫለሁ።

ጥያቄ፦ ሚኒያፖሊስ ነው የምንኖረው። ስኖው መጥረግ ሰልችቶናል። ዳላስ ያሉ ዘመዶቻችን «እዚህ ታክስ የለም፣ ቤቱም ርካሽ ነው» እያሉ ይጠሩናል። እንሂድ?

መልስ፦ ዘመዶቻችሁ የነገሯችሁ ግማሹን ነው። ቴክሳስ የስቴት ኢንካም ታክስ እንደሌለው እውነት ነው። የፕሮፐርቲ ታክሱ ግን በአገሪቱ ከፍተኛ ከሚባሉት አንዱ ነው። ቤት ስታዩ ታክሱንና ኢንሹራንሱን ደምራችሁ ወርሃዊ ክፍያውን ጠይቁ። ዳላስ አካባቢ ደግሞ ጣሪያ የሚሰባብር ጠጠር በረዶ ስለሚጥል ኢንሹራንሱ ቀላል አይደለም።

ከታክሱ ይልቅ እኔን የሚያሳስበኝ ጤናው ነው። ሚኒሶታ ሜዲኬይድን፣ ማለትም ገቢው ዝቅተኛ ለሆነ ሰው መንግሥት የሚሰጠውን የጤና ኢንሹራንስ፣ አስፋፍታለች፤ ገቢው ከዚያ ትንሽ ከፍ ላለ ደግሞ ሚኒሶታኬር የሚባል አላት። ቴክሳስ አላስፋፋችም። ስለዚህ ሥራ ያጣ ጎልማሳ ሚኒሶታ ቢሆን የሚያገኘውን ኢንሹራንስ ቴክሳስ ላይ ሊያጣ ይችላል። ዝቅተኛው ደመወዝም ሚኒሶታ ከ11 ዶላር በላይ ነው፤ ቴክሳስ ያው የፌዴራሉ 7.25 ዶላር። ፖለቲካ የሚባለው ነገር ቤታችሁ የሚገባው በዚህ በኩል ነው።

አየሩን በተመለከተ፣ ለፋሲካ ሄዶ ዳላስን የማይወድ የለም። በኦገስት ሄዳችሁ እዩት። ቅዝቃዜም ጨርሶ አይቀርላችሁም። በፌብሩዋሪ 2021 በመጣው ብርድ ሚሊዮኖች መብራት ጠፍቶባቸው ከ200 በላይ ሰው ሞቷል። የቴክሳስ የኤሌክትሪክ መስመር ከሌሎቹ ስቴቶች በአብዛኛው የተነጠለ ስለሆነ ከጎረቤት በቂ ኃይል መበደር አልተቻለም።

በአጭሩ፣ ከሁለታችሁ አንዳችሁ እንኳ ቤተሰቡን የሚሸፍን ኢንሹራንስ ያለው ሥራ ካገኛችሁ ሂዱ። ኡበር እየነዳን እንጀምራለን ካላችሁ ግን እኔ አልመክርም።

ጥያቄ፦ አትላንታ ጥሩ ሥራ አግኝቻለሁ። ባለቤቴ «ቀይ ስቴት አልኖርም» አለች። እኔ ፖለቲካ ሆዴን አይሞላም ባይ ነኝ። ማን ልክ ነው?

መልስ፦ አትላንታ ያለችበት ስቴት ጆርጂያ እንደምትሉት ጥርት ያለች ቀይ፣ ማለትም ሁሌ ሪፐብሊካኖችን የምትመርጥ፣ አይደለችም። በ2020 ባይደንን መረጠች፣ በ2024 ትራምፕን። አበሻ በብዛት የሚኖርበት ክላርክስተን ያለው ደካልብ ካውንቲ ውስጥ ነው፤ ደካልብ ደግሞ የለየለት የዴሞክራቶች ሰፈር ነው። ትምህርት ቤቱን፣ ፖሊሱንና የቤት ታክሱን በየቀኑ የሚነካው ካውንቲው ነው፤ ስለዚህ ከስቴቱ ቀለም በፊት ካውንቲውን እዩ።

የባለቤትህ ስጋት ግን መሠረት አለው። ጆርጂያ ውስጥ ውርጃ ከስድስት ሳምንት አካባቢ በኋላ፣ ከጥቂት ሁኔታዎች በቀር፣ የተከለከለ ነው። ልጅ ለመውለድ ለምታስብ ሴት ይህ የቴሌቪዥን ክርክር አይደለም፤ እርግዝናው ቢበላሽ ሐኪሙ ምን ማድረግ ይችላል የሚል ጥያቄ ነው። የጦር መሣሪያ ሕጉም ከ2022 ወዲህ ላልቷል፤ ሽጉጥ ለመያዝ ፈቃድ የማያስፈልገው ሰው ብዙ ነው። «ሆዴን አይሞላም» ብለህ አትዝጋት። በትክክል የሚያስፈራትን ጠይቃት፤ ከዚያ ቅዳሜና እሁድ አብራችሁ ሄዳችሁ ሰፈሩን ዙሩ።

ጥያቄ፦ እናቴን ከአዲስ አበባ አምጥቻለሁ። ላስ ቬጋስ ወይስ ዴንቨር?

መልስ፦ እኔ ብሆን ዴንቨር። ላስ ቬጋስ በጁላይ 2024 እስከ 49 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ደርሷል። እናትህ መኪና አይነዱም ብዬ ልገምት፤ በዚያ ሙቀት አውቶቡስ ጠብቀው ቤተ ክርስቲያን መሄድ አይችሉም፣ በጋውን ሙሉ ኤርኮንዲሽን ሥር ይቀመጣሉ። የዴንቨር ከፍታ 1,600 ሜትር ያህል ነው፣ ከአዲስ አበባ ያንሳል፤ «ከፍታው ይከብዳቸዋል» የሚሉህን አትስማ። የልብ ወይም የሳንባ ሕመም ካለባቸው ግን ሐኪማቸውን ጠይቅ። ክረምቱም ይበርዳል፣ ደህና ጫማ ግዛላቸው። ከሁሉ በላይ ቤት ስትከራይ አበሻ ጎረቤት ያለበትን ፈልግ፤ ከዴንቨር አጠገብ ያለችው ኦሮራ ውስጥ ሞልቷል። ቡና አብሯቸው የሚጠጣ ሰው ካጡ አየሩ ምንም ቢሆን አይለምዱትም።

ጥያቄ፦ ሜሪላንድ ነርስ ነኝ። በፈቃዴ ካሊፎርኒያ መሥራት እችላለሁ?

መልስ፦ አትችይም፣ እህቴ። ሜሪላንድ የነርሶች የጋራ ፈቃድ ስምምነት ውስጥ አለች፣ ካሊፎርኒያ የለችበትም። ከመልቀቅሽ በፊት ለካሊፎርኒያ ፈቃድ አመልክቺ፤ ሳይደርስሽ ሥራ አትልቀቂ።

ጥያቄ፦ ዜግነት ልሞላ ነበር፣ ግን በመጪው ወር ስቴት እቀይራለሁ።

መልስ፦ ከማመልከትህ በፊት በምታመለክትበት ስቴት ወይም የኢሚግሬሽን ዲስትሪክት ቢያንስ 3 ወር መኖር አለብህ። ስለዚህ ወይ ሳትሄድ አስገባ፣ ወይ እዚያ ደርሰህ 3 ወር ጠብቅ። አስገብተህ ብትዛወርም ፋይልህ ወደ አዲሱ ቢሮ ይተላለፋል። ብቻ አድራሻህን በ10 ቀን ውስጥ ለኢሚግሬሽን አሳውቅ፤ ለፖስታ ቤት መናገር አይበቃም።