በ400 ሜትር ላይ የሚያርፍ አውሮፕላን

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ እንደምን ሰነበቱ? የስምንተኛ ክፍል ተማሪው ልጄ «ሳባ በምትባል ደሴት ያለው የአውሮፕላን ማኮብኮቢያ 400 ሜትር ብቻ ነው፤ ጫፍና ጫፉ ላይም ‹ዝግ ነው› የሚል ምልክት ተቀብቶበታል» እያለ ይሞግተኛል። እውነት ነው? እውነት ከሆነስ ለሐረርም እንዲህ ያለ ትንሽ ሜዳ ቢሠራላት፣ አውሮፕላን ለመሳፈር ደንገጎን ወርደን ድሬዳዋ መሄዱ አይቀርልንም ነበር?
(ከሸዋ በር፣ ሐረር)

መልስ፦ እህቴ፣ ልጅዎ ልክ ነው። ዕድሜዬን በድሬዳዋ አውሮፕላን ማረፊያ ሻንጣ ስጭንና ከጎማ ሥር ማገጃ ሳስቀምጥ ስላሳለፍሁ፣ እንዲህ ያለ ጥያቄ ሲመጣ ቶሎ ብዕር አነሣለሁ።

ሳባ ስሟ የንግሥታችንን ቢያስታውስም በካሪቢያን ባሕር ያለች፣ በኔዘርላንድስ ሥር የምትተዳደር ደሴት ናት። ስፋቷ 13 ካሬ ኪሎ ሜትር፣ ሕዝቧ 2,000 ገደማ ነው። ከባሕር ቀጥ ብሎ የወጣ የእሳተ ገሞራ ተራራ ስለሆነች ሜዳ የላትም ማለት ይቻላል። ድሮ በጀልባ የመጣ ሰው ከዐለት የተፈለፈሉ 800 ደረጃዎችን ይወጣ ነበር፤ ዕቃውም በሰው ጭንቅላት ላይ ይወጣል።

መጀመሪያ የመንገዱን ታሪክ ልንገርዎ። የሆላንድ መሐንዲሶች «እዚህ መንገድ አይሠራም» ብለው ነበር። ጆሴፈስ ላምበርት ሃሰል የተባለ የደሴቷ ተወላጅ ግን በፖስታ በሚላክ ትምህርት የመንገድ ሥራ ተማረ፤ በፈረንጆች አቆጣጠር በ1938 የአገሩን ሰው አሰልፎ ሥራውን ጀመረ። በእጅ እየተቆፈረና ድንጋይ እየተካበ መንገዱ ዳር እስከ ዳር ያለቀው በ1958 ነው። የደንገጎን ጠመዝማዛ የሚያውቅ የሐረር ሰው ይህ ምን ያህል ድካም እንደሆነ ይገባዋል።

በማግስቱ ዓመት ደግሞ ተራው የአውሮፕላኑ ሆነ። በደሴቷ ጥግ ፍላት ፖይንት የሚሉት፣ ቀልጦ የፈሰሰ ዐለት ረግቶ የሠራው ጠፍጣፋ ቦታ አለ። ነዋሪዎቹ ድንጋዩን እየለቀሙ፣ በአንድ ጎማ ጋሪ እየገፉ ጠረጉት፤ ሬሚ ደ ሃነን የተባለ አብራሪም በ1959 አውሮፕላኑን አሳረፈበት። ማረፊያው በ1963 ሥራ ጀመረ። የተሰየመው ሳባ ያኔ በነበረችበት የኔዘርላንድስ አንቲልስ በሚባል የደሴቶች ግዛት ሚኒስትር በነበሩት በሁዋንቾ ኢራውስኪን ስም ነው፤ የእኛው በአባ ጤና ደጃዝማች ይልማ ስም እንደሚጠራ ማለት ነው።

ማኮብኮቢያው በሁለቱም ጫፍ የሚያልቀው ገደል ላይ ነው፤ ከገደሉ ሥር ባሕር ነው። የድሬዳዋው ከስድስት እጥፍ በላይ ይረዝመዋል። ጄት እዚያ አያርፍም። የሚያርፈው 19 ሰው የሚይዘው ባለሁለት ሞተር ቱዊን ኦተር ነው። የእኛም አየር መንገድ ይህን አውሮፕላን በአንድ ወቅት ይጠቀምበት ነበር። አመጣጡ ዝግ ያለ ነው፤ ጎማው መሬት እንደነካ አብራሪው የፕሮፔለሮቹን፣ አየር የሚቀዝፉትን ተሽከርካሪዎች፣ ምላጭ ያዞራቸዋል፤ ወደ ፊት ይጎትት የነበረው ኃይል ወደ ኋላ ይይዘዋል። በዚያች ቅጽበት ድምፁ ከማጓራት ወደ ማገሣት ሲለወጥ ደረት ላይ ይሰማል።

ጫፉ ላይ የተቀባው ትልቅ የኤክስ ምልክት «ሜዳው ያለ ፈቃድ ለሚመጣ ዝግ ነው» ማለት ነው። ፈቃድ ያለው አየር መንገድ፣ ለዚያች ሜዳ ተብለው በሠለጠኑ አብራሪዎች፣ ከሲንት ማርተን ደሴት ሩብ ሰዓት በማይሞላ በረራ ይመላለሳል። አንድ ትንሽ የመንገደኞች ቤት፣ አንድ ማማና የእሳት አደጋ መኪና አሉት። ነዳጅ አይቀዳበትም፤ ስለዚህ አውሮፕላኑ የመመለሻውን ይዞ ይመጣል።

ወደ ሐረር ልመለስ። የሳባ ሜዳ ከባሕር ብዙም ከፍ አይልም፤ ሐረር ግን ከ1,800 ሜትር በላይ ናት። ከፍ ባሉ ቁጥር አየሩ ይሳሳል፤ የሳሳ አየር ክንፍን አጥብቆ አይሸከምም፣ ሞተርንም ያደክማል። ስለዚህ ያው አውሮፕላን ለመነሣት የበለጠ መንደርደር አለበት። ሙቀትም እንዲሁ ያደርጋል፤ በግንቦትና በሰኔ የድሬዳዋ ቀትር አውሮፕላኖች ማኮብኮቢያውን ይዘው ሲሄዱ፣ ሲሄዱ ዓይቻለሁ። በዚያ ላይ የሳባ ሰው ከጎረቤቱ የሚለየው ባሕር ነው፤ እኛን የሚለየን የአንድ ሰዓት አስፋልት ነው። እኔ ብጠየቅ ገንዘቡን ለደንገጎ መንገድ ጥገና አውለው ነበር።

ልጅዎን ግን አንድ ቀን ይዘውት ይውረዱ። ከአጥሩ ወዲያ በምሰሶ ላይ የተንጠለጠለውን የነፋስ አመልካች ጨርቅ ይፈልግ። አውሮፕላን ፊቱን ወደ ነፋሱ አዙሮ ነው የሚያርፈው። የጨርቁ ጅራት ወደ የት እንደተነፋ ይይና በዚያ በኩል ሰማዩን ይጠብቅ፤ አውሮፕላኑ የሚመጣው ከዚያ ወገን ነው።