አምስተኛ ምርጫው የደረሰው ሰው መልስ

ለእህታችን ጥያቄ ነው። ረዘም ይላል፤ ቡና የያዘ ይቀጥል።

ጥያቄውን ላላያችሁ ባጭሩ፦ ልጅቷ ናቹራል ናት። በ2017 የ12ኛ ክፍል ፈተና ተፈትና አልፋለች፤ ከ100 ተፈታኝ 8 ገደማ ብቻ ባለፈበት ዓመት። አሁን ፍሬሽማን እየጨረሰች ነው፣ ነጥቧ 3.1። የዲፓርትመንት ምርጫ ፎርም እስከ አርብ መልሱ ተብለዋል። አባቷ "ጤና ካልሆነ" ይላሉ። ወንድሟ "ሶፍትዌር ካልገባሽ ለምን ትማሪያለሽ" ብሏታል። እሷ የምትወደው ሒሳብ ነው፤ ግን "ሒሳብ ተምሬ ማን ይቀጥረኛል?" ትላለች። አንደኛ ምርጫዬ የቱ ይሁን ነው ጥያቄዋ።

መልሶቻችሁን ሁሉ አነበብኩ። ሁሉም ስለ አንደኛው ምርጫ ነው የሚያወራው። ስለ አምስተኛው ትንፍሽ ያለ የለም። እኔ እንጀራዬን የምበላው በአምስተኛ ምርጫዬ ስለሆነ ስለሱ ልናገር።

ግቢ የገባሁት በ2007 ነው። ያኔ እንደናንተ የጋራ አንደኛ ዓመት አልነበረም። መጀመሪያ "ባንድ" የሚባል የትምህርት ዘርፍ ምድብ እንሞላለን፦ ኢንጂነሪንግ ባንድ አንድ፣ ኮምፒውቴሽናል ባንድ ሁለት፣ ጤና ባንድ ሦስት እያለ ይቀጥላል። ግቢ ስንደርስ ደግሞ በደረሰን ባንድ ውስጥ ዲፓርትመንት እንመርጣለን። ዘመኑ የሲቪል ነበር። ኮንዶሚኒየም በየቦታው፣ መንገድ በየቦታው። ሰፈራችን ውስጥ ሄልሜት አድርጎ ፎቶ የተነሳ ልጅ ሁሉ በማግስቱ ሽማግሌ የሚልክ ይመስል ነበር። እኔም ባንድ አንድ ብዬ ሞላሁ። ባንድ ሁለት ደረሰኝ።

ሰባት ዲፓርትመንት ተዘረዘረልን። ጂኦሎጂን አንደኛ አደረግኩ፤ ለኢንጂነሪንግ የሚቀርበው እሱ መስሎኝ ነው እንጂ ስለ ድንጋይ የማውቀው ነገር አልነበረም። ሁለተኛውንና ሦስተኛውንም ትንሽ አሰብኩበት። የቀረውን የምሳ ሰልፍ ላይ ቆመን የዶርም ጓደኛዬ ጀርባዬን ጠረጴዛ አድርጎ ሞላልኝ። "ስታትን የት ላግባት?" አለኝ። "የትም" አልኩት። የትም ያልኩት አምስተኛ ሆነ። የደረሰኝም እሱ ነው።

ሁለት ሳምንት ሬጅስትራር በር ላይ ቆምኩ። ዲፓርትመንት ቀይሩልኝ ብዬ ማመልከቻ ጻፍኩ፣ አንድ አስተማሪ እንዲያማልደኝ ለመንኩ። መልሱ ሁሌም አንድ ነው፦ ቦታ የለም። ቤት ስደውል ለእናቴ "ስታትስቲክስ ነው የደረሰኝ" አልኳት። ዝም አለች። ከዚያ "እሱ ምን ያክማል?" አለችኝ።

ይሄን ሁሉ የምነግርሽ እንድታዝኚልኝ አይደለም። የሚቆጨኝ ስታት መድረሱ አይደለም። የሚቆጨኝ ፎርሙን የሰጠሁበት መንገድ ነው። አንደኛዬን ለአንድ ወር ስጨቃጨቅበት ቆየሁና አምስተኛዬን በአምስት ሰከንድ ጨረስኩት። ምደባ ደግሞ ምኞትሽን አያይም። ነጥብሽን ከሌሎች ነጥብ ጋር አሰልፎ ቦታ ያለበት ያስገባሻል። 3.1 ጥሩ ነጥብ ነው፤ ግን ሕክምናንም ሶፍትዌርንም የሚመርጡት 3.8 ያላቸው ልጆች ናቸው። ስለዚህ ሦስተኛሽ፣ አራተኛሽና አምስተኛሽ የማስመሰያ ሳይሆን እውነተኛ ምርጫ መሆን አለባቸው። ነገ ሬጅስትራር ሄደሽ ሁለት ነገር ጠይቂ። አንደኛ፣ የ12ኛ ክፍል ውጤትና የዘንድሮው ነጥብሽ ስንት ስንት ከመቶ ነው የሚያዘው? ሁለተኛ፣ በሚመጣው ዓመት የትኛው ዲፓርትመንት በርግጥ ይከፈታል? አላፊው ተማሪ ጥቂት በሆነበት ጊዜ ተማሪ ያጣ ዲፓርትመንት ሳይከፈት ሊቀር ይችላል። የሌለ ክፍል መርጦ ምርጫ ማባከን አለ።

ወደ እኔ ልመለስ። በ2009 ተመረቅኩ። ያኔ ስታት የተማረ ሰው ሁሉ አንድ ተስፋ ነበረው፦ 4ኛው የሕዝብና ቤት ቆጠራ። ሦስተኛው የተካሄደው በ1999 ነው፤ ሕገ መንግሥቱ ደግሞ በየ10 ዓመቱ ይላል። እናቴም በዚህ መሀል ተጽናንታ ነበር። ለጎረቤት "ልጄ ሕዝብ ሊቆጥር ነው" ትላለች። ኅዳር 2010 ተባለ። ቀረ። የካቲት ተባለ። እሱም ቀረ። መጋቢት 2011 ተባለ፣ ታብሌቱም ተገዛ፣ ደግሞ ተራዘመ። ጎረቤት መንገድ ላይ እያስቆመ "ቆጠራው መቼ ነው?" ይለኛል፤ እኔ ያራዘምኩት ይመስል። ይኸው እስከዛሬ አልተቆጠርንም።

እስከዚያው አራት ኪሎ ማስታወቂያ ሰሌዳ ሥር ስምንት ወር ቆምኩ። ጋዜጣ በደቂቃ እየተከራየሁ አነበብኩ። አንድ ነገር የታዘብኩት ያኔ ነው። አካውንቲንግ የተማረ ሰው ማስታወቂያ ላይ ስሙ ፊት ለፊት ተጽፎ ይጠብቀዋል። ስታት ግን ሁሌ የሚመጣው "ወይም" ከሚለው ቃል በኋላ ነው። "በኢኮኖሚክስ፣ በማኔጅመንት ወይም በስታትስቲክስ"። መጀመሪያ ላይ ይሄ ያናድደኝ ነበር። ቆይቶ ሲገባኝ ግን "ወይም" ብዙ ቦታ ያስገባል፤ ባንክ፣ ዕቅድ ቢሮ፣ ጤና፣ ግብርና፣ ኤንጂኦ። ችግሩ በሩ ሰፊ ይሁን እንጂ ሁሉም ላይ "ልምድ ሁለት ዓመት" የሚል መኖሩ ነው። ዜሮ ዓመት የሚል ማስታወቂያ የወጣ ቀን ሰልፉ አያድርስ ነው።

መጨረሻ ላይ አንድ ሲኒየሬ ደወለልኝ። ለ21 ቀን መጠይቅ የሚያስሞላ ሰው ጎድሎብናል አለኝ። ደቡብ ወሎ፣ ገጠር፣ አበሉ በቀን። ታብሌት ይዤ ቤት ለቤት እየዞርኩ "ባለፉት ሰባት ቀናት ቤተሰቡ ምን ምን በላ?" ብዬ እጠይቃለሁ። ዲግሪ አያስፈልገውም ብትይ አልከራከርሽም። ማታ ማታ ግን ሱፐርቫይዘራችን የቀኑን ዳታ ላፕቶፑ ላይ ሲያጣራ አጠገቡ እቀመጥ ነበር። አንድ ቀን የ9 ዓመት እድሜ ያላት የአራት ልጆች እናት አገኘ። 39 መሆኑ ነው፤ ከመካከላችን አንዱ 3ቱን ረስቷል። ሳቅን። እሱ ግን ሁለት መስመር ትእዛዝ ጻፈና እንደሷ ያሉትን ስህተቶች ከሁለት ሺህ ቤተሰብ ውስጥ በሰከንድ ዘረገፋቸው። ሦስት ዓመት ስቸክለው የነበረው ነገር ለምን እንደሚሆን የገባኝ ያን ማታ ነው።

እሱ የሚጠቀምበትን ፕሮግራም የምገዛበት ገንዘብ አልነበረኝም። አር የሚባለውን፣ ነፃ የሆነውን፣ በተበላሸ ላፕቶፕ ተማርኩ። ባትሪው ስለማይሠራ መብራት በጠፋ ቁጥር የሠራሁት ይጠፋ ነበር። ሦስት ጊዜ ተመሳሳይ የመስክ ሥራ ሄድኩ። አራተኛው ላይ ሱፐርቫይዘር ሆንኩ። ከዚያ አንድ የጥናት ቢሮ ዳታ የሚያጣራ ሰው ሲፈልግ ስሜን የጠቆመው ያው ሰውዬ ነው። አሁንም ሥራዬ እሱ ነው። ሀብታም አልሆንኩም። ሰኞ ጠዋት መነሳት ግን አይከብደኝም።

አሁን ያንቺን ሦስቱን አንድ በአንድ እንያቸው።

ጤና። አባትሽን እረዳቸዋለሁ። በሳቸው ዘመን ጤና የተማረ ሥራ ፈትቶ አያውቅም። አሁን ግን ተመርቀው ምደባ የሚጠብቁ ጤና መኮንኖች አውቃለሁ። በ2017 ግንቦት የጤና ባለሙያዎች በደመወዝ ጥያቄ ሥራ እስከማቆም መድረሳቸውንም አይተናል። ይሄ ማለት አትማሪ ማለት አይደለም። ሕክምና ስድስት ሰባት ዓመት ነው፤ ያን ያህል ዓመት ሌሊት ተረኝነት የሚሸከም ሰው ከውስጡ ፈልጎት መሆን አለበት። ጥያቄሽ ውስጥ ስለ በሽተኛ አንድም ቃል የለም። ስለ ሒሳብ ግን አምስት ቦታ ጽፈሻል። ቆጥሬዋለሁ፤ ሙያዬ ነው።

አባትሽን በክርክር አታሸንፊያቸውም። እኔ አጎቴን ሞክሬ አውቃለሁ፤ ለሁለት በዓል ተኳርፈናል። ይልቅ ከቤተሰብ ወይም ከሰፈር ነርስ ወይም ሐኪም ካለ አንድ ቀን ቤት ጋብዢና ስለ ሥራው አባትሽ ራሳቸው ይጠይቁት። ከሌላ ሰው አፍ ሲሰሙት ይለያል።

ሶፍትዌር። ወንድምሽ ያልተሳሳተበት ነገር አለ፤ ሥራው አለ፣ ከአገር ውጭም ይሠራል። የተሳሳተበት ደግሞ ዲፓርትመንቱን ከሙያው ጋር አንድ ማድረጉ ነው። ከኛ ቢሮ ኮድ ከሚጽፉት ሁለቱ የተማሩት ፊዚክስ ነው። በሌላ በኩል ሶፍትዌር ተመርቆ አንድ ነገር ሠርቶ ማሳየት የማይችል ልጅ ለቃለ መጠይቅ መጥቶ ያውቃል። ስለዚህ መጀመሪያ ቅመሺው። የ5 ሚሊዮን ኮደሮች ሥልጠና በነፃ ነው፤ የፕሮግራሚንግም የዳታ ሳይንስም መግቢያ አለው። እስከ አርብ አትጨርሺውም፤ ሦስት ማታ ግን ሞክሪ። አንድ ስህተት ለሁለት ሰዓት ስትፈልጊ ቆይተሽ ስታገኚው ደስ ካለሽ ጥሩ ምልክት ነው። ላፕቶፑን መወርወር ካማረሽም መልስ ነው። ደግሞ ዓመቱን አስቢ፦ ኮምፒውተር ሳይንስ 4 ነው፣ ሶፍትዌር ምህንድስና 5።

ሒሳብ። እዚህ ላይ አዳላለሁ፣ ይቅርታ። ሒሳብ ለምትወድ ልጅ ንጹህ ሒሳብ ብቻ አይደለም ያለው። ስታት አለ፣ ኮምፒውተር ሳይንስ አለ፣ ኢኮኖሚክስን ከፈቀዱላችሁ አለ፣ ኤሌክትሪካል አለ። እኔ ብሆን ዝርዝሬን ከነዚህ ነበር የምሠራው። አንደኛው ቢቀር ሁለተኛው፣ ሁለተኛው ቢቀር ሦስተኛው፣ ሁሉም አንድ ሰፈር ናቸው። የኔ ዝርዝር ከጂኦሎጂ ወደ ባዮሎጂ ወደ ስፖርት ሳይንስ ሲዘል ነበር፤ የደረሰኝ ሁሉ ባዕድ ሆኖ የሚመጣው ለዚያ ነው።

አንድ ነገር የናንተ ባች ላይ የከበደው የመውጫ ፈተናው ነው። በኛ ጊዜ ዲፓርትመንቱን የጠላ ልጅ በሲ እየገፋ ይመረቅ ነበር። ከ2015 ወዲህ ግን ከ100 ሃምሳ ካላመጣሽ ዲግሪ የለም። በመጀመሪያው ዙር ካለፉት የወደቁት ይበዙ ነበር። ስለዚህ "ስሙ ጥሩ ነው፣ እንደምንም እወጣዋለሁ" የሚለው የድሮ ስሌት አይሠራም። የምትመርጪውን ዲፓርትመንት የሦስተኛ ዓመት ኮርሶች ዝርዝር ከሲኒየር ተቀበይና አንብቢ። አንደኛ ዓመት ሁሉም ቦታ ይመሳሰላል። ሦስተኛ ዓመት ላይ ነው ገበናው የሚወጣው።

ሲኒየር ስትጠይቂ ደግሞ "ዲፓርትመንቱ አሪፍ ነው?" አትበዪ። ሁሉም ወይ "አሪፍ ነው" ይላል፣ ወይ "አትግቢ" ይላል፤ እንደ ቀኑ ነው። ከተመረቀ ሦስት ዓመት የሆነው ሰው ፈልጊ። "ትናንት ከጠዋት እስከ ማታ ምን ስትሠራ ዋልክ?" በዪው። ከዚያ "የመጀመሪያ ሥራህን ማን ነገረህ?" በዪው። እኔን ብትጠይቂኝ ትናንት አራት ሰዓት ሙሉ የቀበሌ ስም አጻጻፍ ሳስተካክል ዋልኩ። አንዱ "ኃይቅ" ይላል፣ አንዱ "ሐይቅ"፣ አንዱ "ሀይቅ"። ኮምፒውተሩ ሦስት ቦታ አድርጎ ይቆጥረዋል። ይሄ የሚያስጠላሽ ከሆነ የኔን መንገድ ተይው።

ስለ ሲቪሉም ልንገርሽ፣ የሚጠይቅ አይጠፋም። የሃይስኩል ጓደኛዬ ባንድ አንድ ደርሶት ሲቪል ገባ። እንዴት ቀንቼበት እንደነበር! በ2011 ተመረቀ። ብዙ ሳይቆይ ሲሚንቶ ጠፋ፣ ሳይቶች ቆሙ። አሁን የአልሙኒየም በርና መስኮት ሥራ አለው። ጎበዝ ነው፣ ልኬቱ አይስትም። ባለፈው ስንገናኝ "ቢያንስ አንተ የተማርከውን ትሠራለህ" አለኝ። ምን እንደምመልስለት ጠፋኝ።

እናቴ አሁንም ሥራዬን በትክክል አታውቀውም። ለእንግዳ "ኮምፒውተር ላይ ሰው ይቆጥራል" ነው የምትለው። ተውኳት።

ፎርሙን ሐሙስ ማታ ከሞላሽ በኋላ ዝርዝሩን እዚሁ ላኪልን፤ ከአንደኛ እስከ መጨረሻ። አንደኛውን ሳይሆን ከሦስት በታች ያሉትን ነው የማየው። ደግሞ በራስሽ እጅ ሙዪው። የምሳ ሰልፍ ላይ አይሁን።