እግሬ ለምን ደጋግሞ ወለም ይለኛል?

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ ዶክተር። ፒያሳ ካፌ ውስጥ አስተናጋጅ ነኝ። ከወራት በፊት በቸርችል ጎዳና ቁልቁል ስወርድ ቀኝ እግሬ ወለም አለኝ። የሰፈር ወጌሻ አሹኝ፤ እብጠቱም ጠፋ። አሁን ግን ትንሽ ጠጠር ስረግጥ እንኳ ይታጠፋል። የሚያመኝ ሁልጊዜ በውጭ በኩል ነው። ጅማቱ ተበጥሶ ይሆን?
(ከአራት ኪሎ)

መልስ፦ ውድ እህቴ፣ የሚያምሽን ቦታ ለይተሽ መጻፍሽ በጣም ረድቶኛል። ክረምት በገባ ቁጥር ኮብልስቶን ያዳለጣቸው ሰዎች ይመጡብኛል። አብዛኞቹ የሚያሳዩኝ ያንኑ ቦታ ነው።

ከቁርጭምጭሚትሽ ውጭ በኩል ጎልቶ ከሚታየው አጥንት ሦስት ጅማቶች ይነሳሉ። አንዱ ወደ ፊት፣ አንዱ ወደ ኋላ ይሄዳል፤ ሦስተኛው ወደ ተረከዝ ይወርዳል። ደካማው የፊተኛው ነው። እግር ወደ ውስጥ ሲታጠፍ ቀድሞ የሚጎዳው እሱ ነው። ጉዳቱ ከበረታ ወደ ተረከዝ የሚወርደው ይከተላል። የውስጥ በኩሉ ጅማት ግን እንደ ማራገቢያ የተዘረጋና ወፍራም ስለሆነ በቀላሉ አይበገርም።

ቁልቁለቱም የራሱ ድርሻ አለው። በሁለቱ የቅልጥም አጥንቶች መካከል የሚገባው አጥንት ከፊቱ ሰፊ፣ ከኋላው ጠባብ ነው። የእግርሽ ጣቶች ወደ ታች ሲዘቀዘቁ ጠባቡ ክፍል ይገባና መገጣጠሚያው ይላላል። ባለ ታኮ ጫማም የሚያደርገው ይህንኑ ነው።

ጅማቱ መበጠሱን ሳላይሽ ልናገር አልችልም። ብዙ ጊዜ የሚረሳ ነገር ግን አለ። ጅማት አጥንት ከማያያዝ ሌላ፣ እግርሽ እንዴት እንዳረፈ ለአንጎል የሚናገሩ ነርቮች አሉት። ሲጎዳ ያ መልእክት ይዛባል። እብጠቱ ጠፋ ማለት እሱ ተመለሰ ማለት አይደለም፤ እግሩ እንደገና መለማመድ አለበት።

ጥርስሽን ስትቦርሺ ግድግዳ አጠገብ በቀኝ እግርሽ ብቻ ቁሚ። 30 ሰከንድ ሳትወዛወዢ ከቻልሽ፣ ግድግዳውን በእጅሽ ነካ አድርገሽ ዓይንሽን ጨፍነሽ ሞክሪ። በየቀኑ፣ ለሳምንታት። ቆመሽ ስለምትውዪ ሥራ ላይ ዝቅ ያለና ተረከዝ የሚይዝ ጫማ አድርጊ።

ወጌሻዎችን አከብራለሁ። ነገር ግን ገና ያበጠ እግር መጎተትና በኃይል መታሸት የለበትም፤ እባክሽ ለሥራ ባልደረቦችሽም ንገሪያቸው። በመጀመሪያዎቹ ቀናት በፋሻ ማሰር፣ እግርን ከፍ አድርጎ ማሳረፍ፣ በጨርቅ የተጠቀለለ በረዶ መያዝ ይሻላል። 4 እርምጃ መራመድ ያቃተው፣ ወይም የቁርጭምጭሚቱ አጥንት የኋላ ጠርዝ ሲነካ የሚያመው ሰው ግን ራጅ መነሳት አለበት።

አንቺም ከአንድ ወር ተኩል ልምምድ በኋላ መታጠፉ ካልቀረልሽ ጤና ጣቢያ ሄደሽ ወደ አጥንት ሐኪም ሪፈር አጽፊ። ፊዚዮቴራፒም እንዲታዘዝልሽ ጠይቂ።