የጥፍር ጥያቄዎቻችሁ፦ ኪት አለኝ፣ ከየት ልጀምር?

ሰሞኑን የደረሱኝ ጥያቄዎች አብዛኞቹ ስለ ጥፍር ናቸው። ጥፍራችሁን ቤት ውስጥ ራሳችሁ መሥራት የጀመራችሁ በዝታችኋል። እኔም ነገሩን በጣም ስለምወደው የዛሬውን ዓምድ በሙሉ ለእሱ ሰጥቼዋለሁ። የሚመሳሰሉትን አንድ ላይ አድርጌያለሁ፣ ረዘም ያሉትንም አሳጥሬያለሁ።

ጥያቄ፦ ለልደቴ ትልቅ የማኒኪር ኪት ተሰጠኝ። ውስጡ የጄል መብራት፣ ብዙ ቀለም፣ ሞረዶች፣ ትንሽ መቀስ፣ የኤሌክትሪክ መሞረጃ፣ የሚለጠፉ ጥፍሮች፣ ሙጫ፣ ስማቸውን የማላውቃቸው ብረቶች ሁሉ አሉበት። መመሪያው አንድ ገጽ ብቻ ነው፣ እሱም ግልጽ አይደለም። ከየት ልጀምር?

መልስ፦ እንኳን ደስ አለሽ እህቴ! በይ መጀመሪያ ግማሹን ዕቃ ወደ ሳጥኑ መልሺው። የኤሌክትሪክ መሞረጃውን በተለይ። እሱ የሚጠቅመው አርቲፊሻል ጥፍር ለመሞረድ ነው፣ ያውም በለመደ እጅ። የራስሽ ጥፍር ውፍረቱ ግማሽ ሚሊሜትር ገደማ ስለሆነ በጥቂት ሰከንድ ውስጥ ልትጎጂው ትችያለሽ። ሙጫውንና ጄሉንም (በመብራት የሚደርቀውን ቀለም) ለጊዜው ተያቸው።

ሞረዶቹን ገልብጠሽ እያቸው፣ ቁጥር ሊኖራቸው ይችላል። 80 እና 100 ሸካራ ናቸው፣ ለአርቲፊሻል ጥፍር ነው የሚሆኑት። ለራስሽ ጥፍር 180 ወይም 240 ያዢ። ቁጥሩ በጨመረ መጠን ሞረዱ ይለሰልሳል። ስትሞርጂ ወዲያና ወዲህ አትፈግፍጊው፣ ከጎን ወደ መሃል በአንድ አቅጣጫ ሂጂ፣ አለበለዚያ የጥፍሩ ጫፍ ይሰነጣጠቅብሻል።

ትንሿን መቀስ የጨመሩልሽ ለኪዩቲክል ብለው ነው፣ በጥፍሩ ሥር ለምትታየው ቀጭን ቆዳ ማለት ነው። እባክሽ አትቁረጪያት። ያቺ ቆዳ በጥፍሩና በሥጋው መካከል ያለውን ክፍተት ዘግታ ባክቴሪያና ፈንገስ እንዳይገባ ትከላከላለች፤ እሷን ቆርጦ በማግስቱ ወይም በሳልስቱ የጥፍር ዙሪያው አብጦ፣ ቀልቶ፣ መግል ይዞ የሚሰቃይ ሰው ብዙ ነው። ከሻወር በኋላ ለስለስ ስትል በእንጨት መግፊያው ቀስ አድርገሽ ወደ ኋላ ግፊያት፣ በቃ። ተነስታ የተንጠለጠለች ቁራጭ ካለች እሷን ብቻ ቁረጪ።

ከዚያ በተራ ጥፍር ቀለም ጀምሪ። ቤዝ (ከቀለሙ በፊት የሚቀባው)፣ ሁለት ጊዜ ስስ ቀለም፣ ቶፕ ኮት (መጨረሻ ላይ ከላይ የሚቀባው)። ቤዟን አትዝለያት፣ በተለይ ቀይና ጥቁር ስትቀቢ ጥፍርሽ ቢጫ እንዳይሆን የምትጠብቀው እሷ ናት። ተራ ቀለም ቢበላሽብሽ ጠርገሽ እንደገና ትጀምሪያለሽ። እጅሽ ሳይለምድ በጄል ብትጀምሪ ግን ቆዳሽን መንካቱ አይቀርም፣ የጄል ትልቁ ጣጣ ደግሞ እዚያ ላይ ነው። ዝቅ ብለሽ ስለ ማሳከክ የተጻፈውን አንብቢ።

ጥያቄ፦ ጥፍር ቀለም በተቀባሁ ማግስት ይላላጥብኛል። ቀለሙ ጥሩ የሚባል ነው። ከመቀባቴ በፊትም እጄን ለብ ባለ ውሃ በደንብ እዘፈዝፋለሁ፣ ከዚያ ሎሽን እቀባለሁ። ምን አጎደልኩ?

መልስ፦ ምንም አላጎደልሽም፣ እንዲያውም አብዝተሻል። ጥፍር ውሃ ይጠጣል። ውሃ ሲጠጣ ትንሽ ይሰፋል፣ ሲደርቅ ደግሞ ወደ ቦታው ይመለሳል። በረጠበ ጥፍር ላይ የተቀባ ቀለም ግን አብሮት አይሰበሰብም፣ ስለዚህ ይሰነጠቅና ከጫፉ ይነሳል። የምትዘፈዝፊው ከሆነ ከመቀባትሽ ብዙ ሰዓት ቀደም ብለሽ አድርጊው። ሎሽኑንም ከቀለሙ በኋላ አድርጊው፣ ቅባት ያለበት ጥፍር ቀለም አይዝም። ከመቀባትሽ በፊት እያንዳንዱን ጥፍር አሴቶን (ቀለም ማስለቀቂያው) ወይም አልኮል በነካ ሶፍት ጥረጊው። ይህቺ ብቻ ትልቅ ለውጥ ታመጣለች።

ሌላው ውፍረት ነው። ተራ ጥፍር ቀለም የሚደርቀው ውስጡ ያለው ማሟሚያ በኖ ሲያልቅ ነው። ወፍራም አድርገሽ ስትቀቢ ላዩ ቀድሞ ይደርቅና ታች ያለውን ያፍነዋል፣ ከላይ የደረቀ ይመስልሻል፣ ከዚያ አንሶላ ላይ እጅሽን አሳርፈሽ ትተኚና ጠዋት የጨርቁ መስመር ጥፍርሽ ላይ ታትሞ ታገኚዋለሽ። ሁለት ስስ ቅብ ከአንድ ወፍራም ቅብ ሁልጊዜ ይሻላል። በመካከላቸው ትዕግሥት አድርጊ። ሲነካ የማይለጠፍ ሆኖ እንኳን ሙሉ በሙሉ እስኪጠነክር ሰዓታት ይወስዳል፣ ስለዚህ ቀብተሽ ወዲያው ዕቃ ማጠብ ወይም ሙቅ ሻወር መግባት አይሆንም።

ጠርሙሱን እንዳትንጪው፣ አየር ይገባበትና ጥፍሩ ላይ አረፋ ያወጣል። በሁለት መዳፍሽ መሃል አንከባሊው። ቶፕ ኮቱን ስትጨርሺ ደግሞ ብሩሹን በጥፍርሽ ጫፍ፣ በጠርዙ ላይ አሳልፊው፤ ቀለም መላቀቅ የሚጀምረው ከዚያ ነው። የወፈረ ቀለም ለማቅጠን ብለሽ አሴቶን አትጨምሪበት፣ ቀለሙን ያበላሸዋል። ለዚሁ ተብሎ የሚሸጥ ማቅጠኛ አለ።

ጥያቄ፦ በኤልኢዲ መብራት የሚደርቅ ጄል ቤት ውስጥ ለራሴም ለጓደኞቼም እሠራለሁ። አሁን አሁን ከሠራሁ በኋላ በጥፍሬ ዙሪያ ያሳክከኛል፣ ጥቃቅን ውሃ የቋጠሩ ነገሮችም ይወጣሉ። አንዷ ጓደኛዬ «ብራንዱን ቀይሪው» አለችኝ። ልቀይረው?

መልስ፦ አትቀይሪው። አቁሚው። ይህን በጣም ከልቤ ነው የምነግርሽ።

የምትነግሪኝ ምልክት ከጄል አለርጂ ጋር በጣም ይመሳሰላል። ጄል ውስጥ አክሪሌት የሚባሉ ኬሚካሎች አሉ፣ ከእነሱ ውስጥ ስሙ ደጋግሞ የሚነሳው ሄማ የሚባለው ነው። መብራቱ ውስጥ ሲገባ እርስ በርሳቸው ይያያዙና ጠንካራ ሽፋን ይሆናሉ። በደንብ የደረቀ ጄል ብዙም ችግር የለበትም። ችግሩ ያልደረቀው ነው፤ እሱ ቆዳሽን በነካ ቁጥር ሰውነትሽ እንደ ጠላት እየመዘገበው ይሄዳል፣ ለረጅም ጊዜ ምንም ሳይልሽ ይቆይና አንድ ቀን ማሳከኩ ይጀምራል። ከጀመረ በኋላ አለርጂው ብዙውን ጊዜ ዕድሜ ልክ ነው። ብራንድ መቀየር የማይረዳሽም ለዚህ ነው፣ ሌላውም ጠርሙስ ውስጥ ያው ሄማ ወይም የቅርብ ዘመዱ ሊኖር ይችላል።

ጉዳዩ ከጥፍር ያልፋል። አክሪሌት በጥርስ ሙሊት ውስጥም፣ አንዳንድ የመገጣጠሚያ ቀዶ ሕክምና በሚሠራበት ሲሚንቶ ውስጥም አለ። የእንግሊዝ የቆዳ ሐኪሞች ማኅበር በ2018 እ.ኤ.አ. ስለዚሁ በግልጽ አስጠንቅቋል። ስለዚህ የቆዳ ሐኪም ዘንድ ሂጂ፣ የአለርጂ ምርመራ እንዲያደርጉልሽ ጠይቂ፣ ከተረጋገጠም ለጥርስ ሐኪምሽ መናገር አትርሺ።

ገና ምንም ያልተሰማችሁ ሌሎቻችሁ ደግሞ ይህን ስሙኝ። ጄል ቆዳ ከነካ መብራት ውስጥ ሳታስገቡ በፊት ጥረጉት። ከጥፍሩ ሥርና ከጎኖቹ ትንሽ ክፍተት ትታችሁ ቀቡ። ጄሉ ከየትኛው መብራት ጋር እንደተሠራ እዩ፣ ምክንያቱም ጄሉን የሚያደርቀው ንጥረ ነገር የሚሠራው በተወሰነ የብርሃን ዓይነትና ኃይል ነው፤ የአንዱን ጄል በሌላ ደካማ መብራት ስታደርቁት ላዩ ድርቅ ብሎ ውስጡ ያልደረቀ ሊሆን ይችላል፣ በዓይን አይታወቅም። ወፍራም ቅብም እንደዚያው ነው። ስትገዙ ዝርዝሩን አንብቡ። በአውሮፓ ኅብረት ሄማ ያለበት የጥፍር ምርት «ለባለሙያ ብቻ» ተብሎ ነው የሚሸጠው። ጄል ለማድረቅ የሚገባ ቲፒኦ የሚባል ኬሚካል ደግሞ ከመስከረም 1 ቀን 2025 እ.ኤ.አ. ጀምሮ እዚያ በመዋቢያ ምርቶች ውስጥ ተከልክሏል። እናንተ የምትኖሩበት አገር እንዲህ ያለ ሕግ ባይኖረው እንኳ ጠርሙሱ ጀርባ ላይ ያለውን ጽሑፍ ማንበብ አያስከፍልም።

መብራቱም ዩቪኤ የሚባለውን ጨረር ያወጣል፣ «ኤልኢዲ ነው» ቢባልም። ጣቱ የተቆረጠ ጓንት አድርጉ ወይም ቀደም ብላችሁ እጃችሁን ሰንስክሪን ተቀቡ።

ጥያቄ፦ ጄሉ መነሳት ሲጀምር ቁጭ ብዬ በጥፍሬ እልጠዋለሁ፣ ደስም ይለኛል። አሁን ግን ጥፍሬ ሳስቶ መታጠፍ ጀመረ። ጄል ጥፍር ያሳሳል የሚባለው እውነት ነው?

መልስ፦ ያሳሳው ልጣጩ ነው የኔ እህት። ጄሉን በጉልበት ስታነሺ የጥፍርሽን የላይኛውን ንብርብር አብረሽ ነው የምታነሺው። ጥፍር የሚጎዳው በአብዛኛው ሲለቅ ነው፣ ሰው ግን ለመቀባቱ አንድ ሰዓት ሰጥቶ ለማስለቀቁ አምስት ደቂቃ ይነፍገዋል።

በትክክል ሲሠራ እንዲህ ነው። የላዩን ቶፕ ኮት በሞረድ ቀለል አድርገሽ ሸክሪው። በጥፍርሽ ዙሪያ ያለውን ቆዳ ቫዝሊን ቀቢ። ትንሽ ጥጥ አሴቶን አስነክተሽ ጥፍሩ ላይ አድርጊ፣ በፎይል ጠቅልዪው፣ ከ10 እስከ 15 ደቂቃ ጠብቂ። የተነሳውን በእንጨት መግፊያ ቀስ ብለሽ አውጪ፣ ያልተነሳ ካለ አትፋቂው፣ እንደገና ጠቅልዪ። መስኮት ክፈቺ፣ ሻማም ሆነ ምድጃ አጠገብ አትሁኚ፤ አሴቶን በቀላሉ እሳት ይይዛል።

የሳሳው ጥፍር ራሱን አይጠግንም፣ አድጎ ነው የሚተካው። የእጅ ጥፍር በወር 3 ሚሊሜትር ገደማ ያድጋል፣ ሙሉው ለመተካት ከ4 እስከ 6 ወር ይፈጃል። እስከዚያ አሳጥረሽ ያዢው፣ ዕቃ ስታጥቢ ጓንት አድርጊ፣ ማታ ማታ ዘይት ወይም ቫዝሊን ቀቢው።

ጥያቄ፦ ጥፍር ላይ ስዕል መሥራት ያምረኛል፣ ግን ምንም መሣሪያ የለኝም። ደግሞ በግራ እጄ ስሠራ ይንቀጠቀጥብኛል።

መልስ፦ ይህን ጥያቄ በጣም ወደድኩት! መሣሪያው ቤትሽ ውስጥ ሞልቷል። ስቴኪኒና የፀጉር ሽቦ ካለሽ ነጠብጣብ መሥራት ትችያለሽ። የሽቦው ጫፍ ትልቅ ነጥብ፣ የስቴኪኒው ትንሽ ነጥብ ይሰጥሻል። አምስት ነጥብ ክብ ሠርተሽ መሃሉ ላይ ሌላ ቀለም ብትጥዪበት አበባ ነው። ነጥቡ ገና እርጥብ እያለ ስቴኪኒውን በመሃሉ ብትጎትቺው ልብ ወይም ቅጠል ይሆንልሻል።

ቀለም ከቀለም የሚያሸጋግረውን ከፈለግሽ የሜካፕ ስፖንጅ ቁረጪ፣ ሁለቱን ቀለም ጎን ለጎን ቀቢበት፣ ነጭ በተቀባ ጥፍር ላይ ደጋግመሽ ጠቅ ጠቅ አድርጊው። አትጎትቺ። መጀመሪያ ሸካራ ሆኖ ያስደነግጥሻል፣ ቶፕ ኮት ሲያርፍበት ግን ይስተካከላል። ቀጥ ያለ መስመር በፕላስተር ይሠራል፦ ታች ያለው ቀለም በደንብ ከደረቀ በኋላ ለጥፊው፣ ላዩ ላይ ቀቢ፣ ቀለሙ ሳይደርቅ አንሺው። ውሃ ላይ ቀለም እየጣሉ የሚሠራውን እብነ በረድ የሚመስለውን ደግሞ በቀዝቃዛ ውሃ አትሞክሪው፣ ቀለሙ አይሰፋም። የክፍሉን ሙቀት የያዘ ውሃ፣ ያልወፈረ አዲስ ቀለም፣ ጣትሽ ዙሪያ ፕላስተር። ቀለም የሚያባክን ሥራ ነው፣ ግን ሲሳካ የሚወዳደረው የለም።

ለግራ እጅሽ፦ ክንድሽን እስከ አንጓሽ ጠረጴዛ ላይ አስደግፊ፣ ትንሿን ጣት እንደ ምሰሶ ትከዪ። ብሩሹን ከማንቀሳቀስ ይልቅ የሚቀባውን ጣት አዙሪ። አሥሩንም ጥፍር ማስጌጥም ግዴታ የለብሽም። በእያንዳንዱ እጅ አንድ ጥፍር ላይ ብቻ ሥሪ፣ ሌሎቹ በአንድ ቀለም ይሁኑ። እንዲያውም ለዓይን የሚያምረው እሱ ነው ባይ ነኝ።

ጥያቄ፦ የሚለጠፍ ጥፍር ስነቅል ታች ያለው ጥፍሬ ላይ አረንጓዴ ነገር አየሁ። በሌላ ልሸፍነው?

መልስ፦ በፍጹም እንዳትሸፍኚው! ብዙውን ጊዜ ይህ ሱዶሞናስ የሚባል ባክቴሪያ ነው፣ የተለጠፈው ጥፍር ትንሽ ተነስቶ እርጥበት ሲገባበት ይራባል። ጥፍሩን ክፍት አድርጊው፣ ደረቅ ይሁን፣ ሐኪም ይየው። ወደፊት የተነሳ ጥፍር ካለ ሙጫ አትጨምሪበት፣ አንሺው፣ እጠቢ፣ አድርቂ።

ስለ ሙጫው ካነሳን፣ ጠብ ካለ በጥጥ ወይም በጥጥ ጨርቅ እንዳትጠርጉት። ሙጫው ጥጥ ሲነካ በኃይል ይግላል፣ ቆዳ እስከ ማቃጠል ይደርሳል።

ጥያቄ፦ ወንድ ነኝ፣ ቀለም አልፈልግም። ጥፍሬ ንጹሕ ሆኖ እንዲታይ ብቻ ነው።

መልስ፦ ወንድሜ፣ ያንተ ከሁሉም ይቀላል። ቁረጥ፣ በ240 ሞረድ ጠርዙን አለስልስ፣ ኪዩቲክሉን ግፋ፣ ዘይት ቀባ። የሚያብረቀርቅ ማለስለሻ ካለህ በወር አንዴ ይበቃል፣ ከዚያ በላይ ጥፍር ያሳሳል። መቁረጫህን ለሰው አታውስ፣ ከተጠቀምክ በኋላም በሳሙና አጥበህ በአልኮል ጥረገው።

ጥያቄ፦ ልጄ 10 ዓመቷ ነው። ኪት ግዢልኝ እያለች አስቸገረችኝ። ምን ይሻላል?

መልስ፦ እናቴ፣ ይግዙላት፣ ግን የሚመርጡት እርስዎ ይሁኑ። ተራ ጥፍር ቀለም፣ ስቲከር፣ ለስላሳ ሞረድ፣ እንዲሁም በሁለት ወገን በሚያጣብቅ ፕላስተር የሚለጠፉ ጥፍሮች ለእሷ ዕድሜ ይሆናሉ። ጄል፣ መብራትና ሙጫ ያለበትን ኪት ይተዉት፣ አለርጂውን በልጅነቷ ከጀመራት አብሯት ነው የሚያድገው። ማስለቀቂያውን እርስዎ ይያዙላት። ጥፍሯን የምትበላ ከሆነም ቀለም የተቀቡት ጣቶች ወደ አፏ እንዳይሄዱ ለጊዜው ስቲከሩ ብቻ ይብቃት።