ሁለት ነገሮች ሲነካኩ ምን ይፈጠራል? ስለ ኮንታክት፣ ስለ ስፕላይንና ስለ ቅርጽ ስሌት ጠይቁኝ

ሥራዬ አፕላይድ ማትማቲክስ ነው። በተለይ አካላት ሲነካኩና ሲጫጫኑ የሚሆነውን በኮምፒውተር ማስላት፣ እንዲሁም ቅርጻቸውን በእኩልታ መግለጽ። ጥያቄዎቻችሁን እንደ አመጣጣቸው መልሻለሁ። ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።

ጥያቄ፦ ሁለት ብረት ይነካካሉ፣ በቃ። ዕድሜ ልክ የሚጠና ምን ነገር አለው?

ይሄን እናቴም ጠይቃኛለች። ከአሮጌ ኩሽኔታ የምትወጣዋን የብረት ብይ አስብ፣ ሰፈር ውስጥ ልጆች የሚጣሉባትን። ዲያሜትሯ 10 ሚሊሜትር ይሁን። ጠፍጣፋ ብረት ላይ አስቀምጠህ 1 ኪሎ ጫንባት። ብረት ጭራሽ የማይበገር ቢሆን ኖሮ የሚነካካው አንድ ነጥብ ብቻ ነበር፤ የነጥብ ስፋት ደግሞ ዜሮ ነው፤ ኃይልን ለዜሮ ስታካፍል ግፊቱ ልክ ያጣል። እውነታው እንደዚያ አይደለም። ብረቱ ትንሽ ይጨፈለቅና ነጥቧ ክብ ትሆናለች። ስናሰላው ክቧ ከዳር እስከ ዳር 0.14 ሚሊሜትር ገደማ ናት፣ ብይዋ የምትሰምጠውም 1 ማይክሮን አካባቢ ነው። መሃል ላይ ያለው ግፊት ግን 1 ጊጋፓስካል ይደርሳል። የአየር ግፊትን 10,000 ጊዜ ማለት ነው። በአንድ ኪሎ ስኳር!

ይሄን መጀመሪያ ያሰላው ሃይንሪክ ኸርትዝ ነው፣ በሬዲዮ ሞገድ የምናውቀው ሰውዬ። በ1880 የገና ዕረፍት፣ በ23 ዓመቱ፣ በርሊን ውስጥ ሁለት ሌንሶች ሲጫኑ ብርሃኑ ላይ የሚፈጠሩት ቀለበቶች ነገር አሳስቦት ነው የጀመረው። ከቀመሩ የሚገርመኝ ይሄ ነው፦ ጭነቱን 8 እጥፍ ብታደርገው የክቧ ራዲየስ 2 እጥፍ ብቻ ያድጋል፣ ግፊቱም 2 እጥፍ። ነገሩ ቀጥታ መስመር አይደለም፣ ምክንያቱም በተጫንከው ቁጥር የሚሸከመው ቦታ ራሱ ይሰፋል።

ጥያቄ፦ ጋራዥ ውስጥ 30 ዓመት ሠርቻለሁ። ግራሶ ያልጎደለው ኩሽኔታ ለምን ይላጣል?

ጋሼ፣ እርስዎ በእጅዎ የሚያውቁትን እኔ በወረቀት ነው የማውቀው። ብረቱን የሚያደክመው የመሸራተት ጭንቀት ትልቁ የሚሆነው ላይ ላዩን ሳይሆን ትንሽ ከውስጥ ነው፣ ከክቧ ራዲየስ ግማሽ በሚጠጋ ጥልቀት። ብይዋ ሚሊዮን ጊዜ ስትመላለስ ስንጥቁ ከሥር ሊጀምርና ወደ ላይ ሊወጣ ይችላል፣ ያኔ ቅርፊቱ ይነሳል። ግራሶ ላይኛውን ገጽ ያድናል፤ የውስጡን ድካም ግን አያስቀረውም። በመዶሻ እየተመታ የገባ ኩሽኔታ ደግሞ ከመጀመሪያው ቀን ጠባሳ ይዞ ነው የሚሄደው። ይሄኛውን ለእርስዎ መንገር አያስፈልግም።

ጥያቄ፦ የባቡር ቸርኬ ሐዲዱን የሚነካው ምን ያህል ነው?

የአውራ ጣት ጥፍር ታክላለች፣ 1 ካሬ ሴንቲሜትር ገደማ። አንዱ ቸርኬ 10 ቶን ቢሸከምም እንኳ።

ጥያቄ፦ ስፕላይን የሚለው ስም ከየት መጣ? አንድ ረጅም ፖሊኖሚያል ለምን አይበቃም?

ከመርከብ ሠሪዎች። ቀጭን፣ የሚለመጥ እንጨት ነበር። ወለል ላይ ዘርግተው ከእርሳስ ማዕድን በተሠሩ ከባድ ነገሮች ቦታ ቦታ ላይ ይይዙታል፤ ክብደቶቹን «ዳክዬ» ይሏቸው ነበር፣ ቅርጻቸው ስለሚመስል። እንጨቱ በመሃል ራሱ በትንሹ ጉልበት ይታጠፋል፣ የሚወጣውም መስመር ያምራል። በሒሳብ ስሙን የሰጠው ሾንበርግ ነው፣ በ1946።

አንድ ረጅም ፖሊኖሚያል (ከx፣ ከx²፣ ከx³ እያለ የሚሠራ ቀመር፣ ትልቁ ኃይል «ደረጃው» ይባላል) ያለሽው ግን ያበላሻል። ሩንገ በ1901 እንዳሳየው፣ እኩል በተራራቁ ነጥቦች ላይ ደረጃውን ከፍ ባደረግሽ ቁጥር ዳርና ዳሩ ላይ እንደ እብድ መወዛወዝ ይመጣል። ስፕላይን አጫጭር ቁርጥራጮችን ይይዝና መጋጠሚያው ላይ አቅጣጫቸውና አጎባበጣቸው እንዲስማማ ያስገድዳል። አንዱን ነጥብ ብትነኪ ሌላው ዳር አይናወጥም።

ጥያቄ፦ የቤዚዬ ኩርባ የሚሉትን በእጅ መሥራት ይቻላል?

አዎ፣ በሒሳብ ደብተር ካሬ ላይ። አራት ነጥብ አድርግ፦ (0፣0)፣ (0፣4)፣ (4፣4)፣ (4፣0)። የየጥንዶቹን መሃል ፈልግ፦ (0፣2)፣ (2፣4)፣ (4፣2)። ደግመህ መሃል ፈልግ፦ (1፣3)፣ (3፣3)። አንዴ ጨምር፦ (2፣3)። ኩርባው በዚያች ነጥብ ያልፋል። አለቀ፣ ሌላውም እንዲሁ ነው፣ ግማሹን በሌላ ክፍልፋይ ትተካለህ።

ይሄን ዘዴ በ1959 ሲትሮየን ውስጥ ያገኘው ደ ካስተልዦ ነው። ድርጅቱ ግን ምስጢር ብሎ ያዘው። ቤዚዬ በሬኖ የራሱን ሠርቶ አሳተመ፣ ስሙም የእሱ ሆነ። ለደ ካስተልዦ አዝናለሁ፣ እውነቴን ነው። አሁን የምታነቡት እያንዳንዱ ፊደል፣ የ«ሎ» ክብም የ«ቋ» እግርም ሳይቀር፣ ስልካችሁ ላይ የሚሳለው በቤዚዬ ኩርባ ነው።

ጥያቄ፦ እሺ፣ ስፕላይንና ኮንታክት ምን አገናኛቸው?

ልቤ ያለው እዚህ ላይ ነው። ተማሪ እያለሁ አንድ ሲሊንደር ጠፍጣፋ ነገር ላይ የሚንከባለልበትን ፕሮግራም ጻፍኩ። ክቡን በ36 ቀጥ ያሉ ቁርጥራጮች ተካሁት፣ ለዓይን ክብ ነው የሚመስለው። የኃይሉ ግራፍ ግን የመጋዝ ጥርስ ሆኖ ወጣ። ሦስት ሳምንት ሙሉ «ፊዚክሱ ነው» ብዬ ደረቅኩ፣ ስለ ግጭት ያለውን ሁሉ አነበብኩ፣ የማላውቀውን ክስተት ያገኘሁ መስሎኝ ሌሊት እንቅልፍ አጣሁ። ለካ ማዕዘኖቹን ነበር የምቆጥረው! ከአንዱ ቁርጥራጭ ወደ ቀጣዩ ስንሻገር ገጹ የሚያይበት አቅጣጫ በአንድ ጊዜ 10 ዲግሪ ይዘላል። ስሌቱ «ነክቷል፣ አልነካም፣ ነክቷል፣ አልነካም» እያለ ሁለት መልስ መካከል ሲመላለስ ያድራል። ክቡን በሁለተኛ ደረጃ ራሽናል ስፕላይን (እያንዳንዱ ነጥብ ኩርባውን ምን ያህል እንደሚስብ የሚናገር «ክብደት» የሚሰጠው ዓይነት) ስተካው ጥርሱ ጠፋ።

በኮንታክት ችግር ውስጥ የት እንደሚነካካ አስቀድሞ አይታወቅም። መልሱን ካላገኘህ ድንበሩን አታውቅም፣ ድንበሩን ካላወቅህ መልሱን አታገኝም። ሮም ውስጥ ሲኞሪኒ በ1959 ይሄን እንደ ሒሳብ ጥያቄ አቀረበው። መልስ መኖሩንና አንድ ብቻ መሆኑን ተማሪው ፊኬራ ያረጋገጠው በ1963 መጀመሪያ ነው፤ ሲኞሪኒ የሞተው በዚያው ዓመት የካቲት ላይ ነው። እንዲህ ገና ከጅምሩ ማመንታት ያለበት ስሌት ላይ አንተ የውሸት ማዕዘን ስትጨምርበት አስበው። ለዚህ ነው በ2005 ሂውዝና ባልደረቦቹ «ዲዛይነሩ የሳለበትን ስፕላይን ለስሌቱም ለምን አንጠቀምበትም» ሲሉ የእኛ ሰፈር ሰዎች ጆሯችንን ያቆምነው።

እውነተኛ ስለት ያለውን ነገር ግን በስፕላይን አታለስልሱት። የቢላ ጫፍ ቢላ ነው።

ጥያቄ፦ ፔናልቲ ይሻላል ወይስ ላግራንዥ?

ፔናልቲ ማለት አካላቱ ውስጥ ለውስጥ እንዳይገቡ ጠንካራ ሞላ ማስቀመጥ ነው። ሞላው ከላላ ይሰምጣሉ፤ ከጠነከረ እኩልታው ይታመማል፣ ማለትም ትንሽ የቁጥር ስህተት መልሱን ያዛባዋል። የላግራንዥ ዘዴ መስመጥን በትክክል ይከለክላል፣ ግን ተጨማሪ ያልታወቁ ቁጥሮች ያመጣል። እኔ ሁለቱን የሚያዳቅለውን እመርጣለሁ፣ መካከለኛ ሞላ ይዞ በየዙሩ የሚያርመውን። እዚህ ላይ የሚከራከረኝ አይጠፋም፣ ይምጣ።

ጥያቄ፦ ሥራ ያስገኛል?

«የኮንታክት ሜካኒክስ ባለሙያ ይፈለጋል» የሚል ማስታወቂያ አትጠብቂ። የመኪና ጎማ፣ የሰው ሠራሽ ዳሌ፣ የማርሽ፣ የሶፍትዌር ሥራዎች ውስጥ ተደብቆ ነው ያለው። ሊኒያር አልጀብራሽ ጠንካራ ይሁን፣ ፓይተን ወይም ሲ ፕላስ ፕላስ እወቂ።

ጥያቄ፦ ጀበና በኮምፒውተር ልስል ሞክሬ ክቡ እምቢ አለኝ። ምን አጠፋሁ?

ምንም። ተራ ቤዚዬ ክብን በትክክል መሥራት ስለማይችል ነው። በሦስተኛ ደረጃ ብትሞክሪ ስህተቱ 0.03 በመቶ እንኳ አይሞላም፣ ለዓይን ይበቃል። በትክክል ከፈለግሽ ራሽናሉን ተጠቀሚ፦ ለሩብ ክብ ሦስት ነጥብ፣ የመሃሉ ክብደት 0.707። ከዚያ የሆዱንና የአንገቱን መስመር ሳዪና ዙሪያውን አዙሪው። ጡቱንና እጀታውን ከሆዱ ጋር ማጋጠሙ ነው ራስ ምታቱ፤ ሁለቱ ገጾች የሚገናኙበት መስመር በንጹሕ ቀመር አይገለጽም፣ ሶፍትዌሩ ሁሉ በግምት ነው የሚቆርጠው፣ ቀረብ ብለሽ ካየሽ ፀጉር የምታክል ክፍተት ታገኛለሽ። የእኔም ጀበና እዚያው ጋ ያፈሳል።