«አልጋ 7 ደህና አይደለችም» ማለት ለምን አይበቃም? ጥያቄና መልስ

ጎንደር ውስጥ ነርስ ሆኜ 14 ዓመት ሠርቻለሁ፤ አብዛኛውን ማዋለጃ ክፍል። ዛሬ ዱቲ የለኝም። ፈረቃ ሲቀየር ስለሚደረገው የበሽተኞች ርክክብ፣ ስለ ስልክ ትእዛዝ፣ ስለ ኤስባር (የበሽተኛን ሁኔታ ለባልደረባ በአራት ነጥብ መንገሪያ ዘዴ ነው) ያላችሁን ጠይቁኝ። ቡናው እየፈላ ነው።

ኤስባር የፈረንጅ ነገር ነው። ለእኛ ይሆናል?

የመጣው ከአሜሪካ ባህር ኃይል ሰርጓጅ መርከቦች ነው፤ ወደ ህክምና ያስገባው ደግሞ ካይዘር ፐርማነንቴ የሚባል የጤና ድርጅት። ግን ምኑ ነው ፈረንጅ? አሁን ምን ሆነ፣ ከዚህ በፊት ምን ነበር፣ እኔ ምን ይመስለኛል፣ ምን ይደረግልኝ። አራት ነገር ነው፣ አለቀ። ደግሞ በቡድን መሥራትን ጎንደር ከማንም አልተማረችም። በ1954 እ.ኤ.አ. እዚህ የተከፈተው የጤና ኮሌጅ ጤና መኮንኑን፣ ነርሷንና ሳኒታሪያኑን (የአካባቢ ጤና ባለሙያውን) አብረው እንዲሠሩ ነበር የሚያሠለጥነው።

ሌሊት 9 ሰዓት ሐኪም ስቀሰቅስ ምን ልበል? ሁልጊዜ እንተባተባለሁ።

ስልኩን ከማንሳትሽ በፊት ቻርቱን (የበሽተኛዋን መዝገብ) ያዥ፣ ግፊትና የልብ ምት ለኪ። ከዚያ እንዲህ በይ፦ «ዶክተር፣ ከማዋለጃ ነው። አልጋ 7 ከወለደች 1 ሰዓት ሆናት፣ ብዙ እየደማች ነው። ግፊቷ 80 በ50፣ የልብ ምቷ 130። አራተኛ ልጇ ነው፣ ማህፀን የሚያኮማትረውን ኦክሲቶሲን 10 ዩኒት ወግተናታል። ማህፀኗ አልኮማተር ብሏል፣ ደሙ ከዚያ ይመስለኛል። እያሸሁላት ነው፣ ሁለተኛ የደም ሥር መስመርም ከፍቻለሁ። አሁኑኑ ይምጡልኝ። ደም ላስጠይቅ?»

ግማሽ ደቂቃ አይፈጅም። ብዙዎቻችን የምንዘለው መጨረሻዋን ነው። ሁኔታውን እንነግርና ዝም እንላለን፣ ሐኪሙ ራሱ ይገባዋል ብለን። እንቅልፍ ላይ ያለ ሰው አይገባውም፤ «እሺ፣ ተከታተሏት» ብሎ ይተኛል። «ይምጡ» ካላልሽው አልጠራሽውም ማለት ነው።

ትእዛዝ በስልክ ሲሰጠኝ መልሼ ማንበብ አፍራለሁ። ያልሰማሁ ይመስላል።

አትፈር። በተቆራረጠ መስመር «ሰባት» እና «ሰባ» አንድ ናቸው። «ስድስት» እና «ስድሳ»ም እንደዚያው። ጻፈው፣ ቁጥሩን ነጥለህ መልሰህ አንብብ፦ «ሰባት ዜሮ፣ ልክ ነው?» ሐኪሙ «ልክ ነው» እስኪልህ ድረስ መድኃኒቱን አትንካ።

ቻርት ላይ የሚጻፈው ሰዓት የሀበሻ ነው የፈረንጅ?

ይቺን ጥያቄ ስጠብቅ ነበር! በፊት አንድ ሆስፒታል እየሠራሁ «8:00» የሚል የአንቲባዮቲክ ትእዛዝ ነበር። ጸሐፊው በፈረንጅ አስቦ ከጠዋቱ 2 ሰዓት ማለቱ ነው፣ እኔ ደግሞ ከቀኑ 8 ሰዓት ብዬ ቁጭ። ስድስት ሰዓት ዘገየ። ልጁ ደግነቱ ምንም አልሆነም፣ እኔ ግን እስከዛሬ ቻርት ላይ ጠዋት ይሁን ማታ ያልተጻፈበት ሰዓት ሳይ ደሜ ይፈላል። ዋርዳችሁ አንዱን ይምረጥ፣ ሁሉም በዚያ ይጻፍ፣ ጠዋትና ማታም ይጨመርበት።

ሲኒየር ሐኪሙ ይቆጣል። «አንቺ ነሽ የምታስተምሪኝ?» ይለኛል።

ከይሉኝታ ጋር ነው ትግሉ። እኔ ሦስት ደረጃ አለኝ። መጀመሪያ «ዶክተር፣ ስጋት አለኝ» እላለሁ። ካልሰማኝ «አልተመቸኝም» ብዬ ምክንያቱን እነግረዋለሁ። አሁንም ካልሰማ «ይሄ ለበሽተኛዋ አደጋ ነው፣ እንቁም» እላለሁ፣ ወደሚቀጥለው ኃላፊም እደውላለሁ። «እርስዎ» እያልኩ ነው ታዲያ፤ አክብሮቱ አይቀርም፣ ዝምታው ነው የሚቀረው። ተቆጥተውኛል፣ አዎ። ቁጣ ያልፋል።

ለ30 በሽተኛ ርክክብ? ጊዜ የት አለ!

ሠላሳውንም እኩል አታውራ። መጀመሪያ የሚያሰጉህን ሦስት አራቱን፣ አልጋቸው አጠገብ ቆመህ። ምን ተሠራ፣ ምን ቀረ፣ «ሌሊት እንዲህ ከሆነ እንዲህ አድርጉ»። ተረካቢው መልሶ ይንገርህ። የቀሩትን አጠር አድርግ። አሜሪካና ካናዳ ውስጥ በ9 የሕፃናት ሐኪሞች ማሠልጠኛ ሆስፒታሎች ርክክቡን እንዲህ መልክ አስይዘው የሕክምና ስህተት በ23 በመቶ ቀንሷል፤ ጥናቱ የወጣው በ2014 እ.ኤ.አ. ነው። ኮሪደር ላይ ቦርሳ አንጠልጥሎ «ሁሉም ሰላም ናቸው» ማለት ግን ርክክብ አይደለም፣ ስንብት ነው።

የቀዶ ሕክምና ቼክሊስቱን እኛ ጋ መጨረሻ ላይ ነው ቲክ የምናደርገው። ይጠቅማል?

እሱማ ለፋይል ነው የሚጠቅመው። የዓለም ጤና ድርጅት ያወጣው ቼክሊስት ሦስት ቦታ ያስቆማል፦ ከማደንዘዣ በፊት፣ ከመቀደድ በፊት፣ በሽተኛው ከክፍሉ ሳይወጣ። በ8 ከተሞች ሲሞከር ሞት ከ1.5 ወደ 0.8 በመቶ ወርዷል። ጮክ ብሎ ማንበብ ነው ቁም ነገሩ፣ ሁሉም እጁን አቁሞ።

እኔ ባለሙያ አይደለሁም፣ እናቴን እያስታመምኩ ነው። ምን ላድርግ?

መርፌ ይዞ የሚመጣ ሰው ሁሉ ስሟን ከነአባቷ ይጠይቃት፤ ካልጠየቀ አንተ ንገረው፣ የካርድ ቁጥሯንም ያስተያይ። አንድ ዋርድ ውስጥ ሁለት አለሚቱ ብርቅ አይደለም። አለርጂ ካላት በየፈረቃው ድገመው፣ አንዴ ተናግሬያለሁ ብለህ አትተው። እናትህን እግዜር ይማራት። በል፣ ቡናዬ ገነፈለ።